ትኬት ቆራጩና እኅቱ

በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ ሰፈር፥ ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፥ የመንገዱ ዛፎች ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፋቸውን አጋጥመው ጥላቸውን እንደ ዳስ በዘረጉበት ስፍራ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። በጐልማሳነታቸው ዘመን በጣቢያው መስኮት ተቀምጠው ትኬት ይቆርጡ ነበር። ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል፤ ዓይናቸው ደክሟል፥ ጆሯቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ፈረንሳይኛም አልጠፋቸውም፤ በዚያ ዘመን በባቡሩ ኩባንያ የሠራ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በአማርኛ፥ በኦሮምኛም፥ በሶማልኛም ቢጫወት ሒሳቡን የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ነበርና።

ከእርሳቸው ጋር የልጅ ልጃቸው ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። «አባባ» ብላ ትጠራቸዋለች፥ «አንተ» እያለችም ታነጋግራቸዋለች። ከሸዋ ወይም ከጐጃም የመጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጠቁራል፤ ነገር ግን የድሬዳዋ ሰው አንቱታን እንደ ደጋ ካባ ይቈጥረዋል፥ በዚያ ሙቀት ማን ይለብሰዋል? ንቀት የሌለበት አንተታ ነው።

ይህች ልጅ ከባልንጀሮችዋ ጋር በአንድ አዳራሽ ውዝዋዜ ትማራለች። የምትማረውም እስክስታ ብቻ አይደለም፤ ዘመናዊ ውዝዋዜ የሚሉትን ነው። ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ሥር የያዘው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ አሠልጥኖ «ካርሚና ቡራና» የተባለውን ትርኢት ካሳየ ወዲህ ነው። ከዚያም ዐዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ማኅበር ተወለደ፤ ከዐዱኛ ልጆች መካከልም አዲሱ ደምሴና ጁናይድ ጀማል ዴስቲኖ የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ። እንዲህ እያለ ነገሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ባቡር ባመጣት ከተማ ውስጥም ደረሰ።

አንድ ቀን ማታ፥ ፀሐይ ገብታ ሙቀቱ ጋብ ሲል፥ ሽማግሌው በበረንዳቸው ተቀምጠው ሆጃ ሲጠጡ ልጅቱ ኮምፒዩተርዋንና በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባባ፥ ይህን አንብብልኝ» አለች።

ወረቀቱ የሚናገረው ስለ አንድ ትርኢት ነበር። ዣን ክሎድ ጋሎታ የሚባል የግሬኖብል ከተማ ሰው፥ በፈረንሳይ አገር በውዝዋዜ ድርሰት ስሙ የታወቀ፥ ቀድሞ ስለ ሮክ ሙዚቃ አንድ ትርኢት ሠርቶ ነበር፤ በዚያ ግን የሚበዙት ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ በፈረንጆች 2017 ሌላ ሠራ፤ ይህንም ለሴቶቹ ብቻ ሰጠው፥ ስሙንም «ማይ ሌዲስ ሮክ» አለው።

«ሰውየው ፈረንሳዊ አይደለም? ስለ ምን በእንግሊዝኛ ሰየመው?» ብለው ሽማግሌው ቅር አላቸው። ስልሳ ዓመት የተሸከሙትን ቋንቋ ባለቤቱ ራሱ ሲጥለው ማየት ለሰው ቅር ያሰኛል። ሆኖም ማንበባቸውን አልተዉም።

ሮክ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ መናገር ይገባል። ሮክ በአሜሪካ አገር ከጥቁሮች እንጉርጉሮ፥ ከቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር፥ ከነጮችም የባላገር ዘፈን ተቀላቅሎ የተወለደ ሙዚቃ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚጮኽ ጊታርና የማያርፍ ከበሮ ያነሡታል። ስሙ የወጣው በወንዶች ነው፤ ሴቶቹ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩበት። በጋሎታ ትርኢት የዋንዳ ጃክሰን፥ የአሬታ ፍራንክሊን፥ የጃኒስ ጆፕሊን፥ የፓቲ ስሚዝ፥ የቲና ተርነርና የሌሎችም ዜማ በተራ ይሰማል፤ ወንዶችና ሴቶች ተወዛዋዦችም በመድረኩ ላይ ይሮጣሉ፥ ይዘላሉ፥ ይወድቃሉ፥ ይነሣሉ። ዘፋኞቹ ራሳቸው በዚያ የሉም። ጆፕሊን በ1970 በ27 ዓመትዋ ሞታለች፤ ፍራንክሊን በ2018፥ ተርነርም በ2023 ዐርፈዋል። ድምፃቸው አለ፥ ሥጋቸው የለም። ተወዛዋዡ የገዛ ሥጋውን ለድምፃቸው ያበድራል፤ የትርኢቱ ነገር ይህ ነው።

ልጅቱ ከትርኢቱ የተቀዳውን ከፍታ አሳየቻቸው። ሽማግሌው አስቀድመው ፊታቸውን ወደ ጎን መለሱ። ጥቂት ቈይተው ግን በዓይናቸው ጫፍ ያዩ ጀመር። አንዱ ተወዛዋዥ መሬት ላይ በተዘረጋ ጊዜ፥

«ይህ ሰው ወደቀ ወይስ ተወዛወዘ?» ብለው ጠየቁ።

«በዚህ ውዝዋዜ መውደቅም እንደ እርምጃ ይቈጠራል» አለች።

ይህ መልስ ደስ ያሰኛቸው መሰለ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ዝም ብለው፥ «ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረችው ማን ናት?» አሉ።

ልጅቱ ይህን ጥያቄ ትጠብቀው ነበር። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1915 አርካንሶ በሚባለው አውራጃ ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናትዋ በቤተ ክርስቲያን የምትሰብክና የምትዘምር ነበረች፤ ልጂቱም ገና ሕፃን ሳለች ጊታር ይዛ ከእናትዋ ጋር ትዘምር ነበር። ካደገች በኋላ መዝሙሩን በኤሌክትሪክ ጊታር አድርጋ ወደ ሌሊት ቤቶች መድረክ አወጣችው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዝሙሩን አረከሰችው ብለው አዘኑባት፤ የሌሊት ቤቱ ሰዎች ደግሞ ጣት የነካው ጊታር እንዲህ ሲናገር ሰምተው አያውቁምና ያጨበጭቡላት ነበር። በ1944 የቀዳችውን ዜማ ብዙ ሊቃውንት የሮክ መቅድም ነው ይሉታል። ከእርስዋ በኋላ የመጡት ወንዶች በዚህ መንገድ ሄደው ባለጠጎች ሆኑ።

ልጅቱ ሌላ ፊልም ከፈተች። ዘመኑ 1964 የግንቦት ወር ነው፤ ስፍራው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ፥ ባቡር የማይቆምበት አንድ የተተወ ጣቢያ ነው። የቴሌቪዥን ሰዎች ጣቢያውን የአሜሪካ ደቡብ ጣቢያ አስመስለው አስጊጠውታል። ተመልካቾቹ በሐዲዱ ወዲህ ተቀምጠዋል፥ ዘፋኞቹ በሐዲዱ ወዲያ ናቸው፤ ዝናብ ዘንቦአል። ሮዜታም ካፖርትዋን ለብሳ ወጥታ ነጩን ጊታርዋን በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ቆማ መታችው፤ የዘፈነችውም ስለ ዝናብና ስለ ጥፋት ውኃ ነበር።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ጐንበስ ብለው አዩ። የሚያዩት ሴቲቱን ብቻ አልነበረም፤ ሐዲዱን፥ መውረጃውን፥ የዕቃውን ጋሪ ጭምር ነበር። የድሬዳዋ ጣቢያም ዛሬ እንዲሁ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ከዚህ ሲደርስ ከተማይቱ ከእርሱ ጋር ተወለደች፤ አሁን ግን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ውጭ ሌላ ጣቢያ አለው፥ አሮጌው ቤት ሰዓቱን ይዞ ቀርቷል።

«እንደ እኛ አቆጣጠር ግንቦት 1956 ነው» አሉ ሽማግሌው በልባቸው ቀንሰው። «ከዚያስ ምን ሆነች?»

«በ1973 ሞተች። ከሠላሳ ዓመት በላይ መቃብርዋ የስም ድንጋይ አልነበረውም። በኋላ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አቆሙላት። በ2018 ከሮክ ታላላቆች ጋር ስምዋ ተጻፈ።»

ሽማግሌው ሆጃቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ልጅቱ ዘፈኑ አስቀይሞአቸው ነው ብላ አሰበች።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። አዝማሪ የሚለው ቃል ከግእዙ «ዘመረ» የወጣ መሆኑን የግእዝ አዋቂ ሁሉ ያውቀዋል። መዝሙርም፥ መዘምርም፥ አዝማሪም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዱ ወንድም ወደ ቅኔ ማኅሌት ገባ፥ ሌላው ወደ ጠጅ ቤት ወረደ፤ ለወረደውም ስሙ ስድብ ሆነበት። «ዘፈነ» የሚለውም በግእዝ በእግር መጫወት ማለት ነው፤ በአማርኛ ወደ አፍ ተሻገረ። የሙሴ እኅት ማርያም ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ አንሥታ ሴቶቹን ሁሉ አስከትላ ወጥታለች። ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልብዋ ናቀችው፤ የተወቀሰውም የዘለለው ሳይሆን የናቀችው ናት።

ይህን ማለት በጠጅ ቤት የሚባለው ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። ስካርና ብልግና ባለበት ነቀፋ ይገባል። ነገር ግን ነቀፋው ለምን በሴቲቱ ላይ ብቻ ይወድቃል? ሌሊት በሠርግ ቤት ተነሥቶ ብሩን በአዝማሪዋ ግንባር ላይ የሚለጥፈው ሰው፥ ጠዋት በገበያ ሲያገኛት እንደማያውቃት ሆኖ ያልፋል። ልጁ ክራር ብታነሣ ግን ከቤት ያስወጣታል። እጁ ያጨበጨበለትን አፉ ይረግማል። አስናቀች ወርቁ ክራር ደርድራ፥ በኢትዮጵያ መድረክም ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች ተዋንያን አንዲቱ ሆና፥ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ስታርፍ አገሩ ሁሉ አለቀሰላት፤ በወጣትነትዋ ግን ሙያው ራሱ ለሴት ልጅ ነውር ይባል እንደ ነበር ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቃሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጅቱ እንደገና ወደ አያትዋ መጣች። ከባልንጀሮችዋ ጋር እንደ ጋሎታ ያለ፥ ነገር ግን ለኢትዮጵያ ሴቶች የሚሆን ውዝዋዜ ለመሥራት አስበው ስም እየጻፉ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሜሪ አርምዴ አለች፥ አስናቀች አለች፥ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነችው ብዙነሽ በቀለ አለች፥ ባሕር ተሻግራ ድምፅዋን በአሜሪካ ያሰማችው አስቴር አወቀ አለች። በመጨረሻም በፈረንጆች 2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ያወጣው የጃኖ ባንድ ሁለት ሴቶች፥ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ አሉ፤ እነዚህ በአማርኛ ሮክ የዘፈኑ ናቸውና ልጆቹ ያለ እነርሱ ትርኢቱ አይጀመርም ብለዋል።

«ከድሬዳዋ ግን ሴት አጣን» አለች። «የወንዶቹን እናውቃለን፤ አፍራን ቀሎን፥ አሊ ቢራን። አንተ የዚያን ዘመን ሰው አይደለህም? በዚህ ከተማ የዘፈነች ሴት አልነበረችም?»

ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ያላሰበችውን ነገር ተናገሩ።

«እኅት ነበረችኝ» አሉ።

ልጅቱ አያትዋ እኅት እንደ ነበራቸው እስከዚያ ቀን አልሰማችም።

በሦስት ዓመት ትበልጣቸው ነበር። ድምፅዋ ከልጅነትዋ ጀምሮ የታወቀ ነበርና በከዚራም በመጋላም ሠርግ ሲሆን ሴቶች ይጠሯት ነበር፤ ለአማራው በአማርኛ፥ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፥ ለሐረሪውም በቋንቋው ታዜም ነበር። እስከዚህ ድረስ ማንም አልነቀፋትም። በኋላ ግን ከጅቡቲ የመጣ አንድ ጊታር ገዛች፤ በአንድ ሆቴልም ከሙዚቀኞች ጋር መዝፈን ጀመረች። አባታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ «ከቤቴ አዝማሪ አይወጣም» ብለው በሩን ዘጉባት። በዚያው ዓመት በጥር ወር በዘመድ ሠርግ ላይ እኚሁ አባት ለአንዲት አዝማሪ የሸለሙትን ብር ልጆቻቸው ሁሉ ቈጥረው ነበር።

«አንተስ ምን አልህ?» አለች ልጅቱ።

«እኔ ማታ ማታ በሆቴሉ አጥር ኋላ ቆሜ እሰማት ነበር። ሰው እንዳያየኝ ጨለማውን እጠብቃለሁ። ስትጨርስ አጨበጭባለሁ። ጠዋት ግን ሰው ስለ እርስዋ ሲናገር እኔ አላውቃትም እላለሁ።»

በ1956 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፥ በማለዳ፥ ሽማግሌው በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ሆነው በትኬቱ መስኮት ተቀምጠው ሳሉ አንድ ድምፅ «ሦስተኛ ማዕረግ፥ ወደ ጅቡቲ፥ መሄጃ ብቻ» አለ። ድምፁን ያልለየው ማን ነው? በአጠገባቸው ሌላ ጸሐፊ ተቀምጦ ነበርና ቀና አላሉም። ገንዘቡን ተቀበሉ፥ ትኬቱን ቆረጡ፥ መልሱንም ሳይሳሳቱ ቈጥረው በመስኮቱ ሥር አሳለፉት።

«እርስዋም አወቀችኝ» አሉ። «ነገር ግን እንዳላፍር ብላ፥ እንደ ባዳ ሆና፥ ‹እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ› አለችኝ። በዚህ ከተማ አንቱ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዋ ናት።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ነጋዴ በጅቡቲ በሕመም መሞትዋን ነገራቸው። አባታቸው ልቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካርም አልወጣላትም። እርሳቸውም ራሳቸው ለአባታቸው፥ ለእናታቸውም፥ ለሚስታቸውም ስም ለካህኑ ሲሰጡ የእኅታቸውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልሰጡም። መጀመሪያ አባታቸውን ፈርተው ነበር፤ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ፥ «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» የሚላቸውን ፈሩ። ማንም ግን አይላቸውም ነበር፤ የሚያውቃት ሰው አልቆ ነበርና።

ልጅቱ ምንም አላለችም። እስክርቢቶዋን አንሥታ፥ «ስምዋ ማን ነው?» አለች።

ነገሩዋት። ከብዙነሽ በቀለ በታች ጻፈችው። ሽማግሌውም ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አቅርበው፥ ፊደሉ ልክ መሆኑን አይተው መለሱላት። በማግሥቱ ማለዳ ነጠላቸውን ለብሰው ብቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ምን እንዳደረጉም ለማንም አልተናገሩም፥ ልጅቱም አልጠየቀችም።

ልምምዱ የሚደረግበት አዳራሽ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በመጋላ በኩል ነው። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ቢወስድም በቀረው ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው በባጃጅ ተሻግረው መጡ። ከዚያ ቀን በፊት ውዝዋዜ ሊያዩ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ልጆቹ ወንበር አቀረቡላቸው፥ ውኃም አመጡላቸው፤ አንዱ ልጅ «አባባ፥ ከፈራህ ዓይንህን ጨፍን» ብሎ ቀለደባቸው፥ እርሳቸውም ሣቁ።

መጀመሪያ የአስናቀችን አሳዩ፤ ጥሩ ነበር። የጃኖን ሲያሳዩ የከበሮው ጩኸት በዛና ሽማግሌው መዳፋቸውን በጆሯቸው ላይ አደረጉ፥ እግራቸው ግን በወንበሩ ሥር ምቱን ይከተል ነበር። ይህን ያየችው የልጅ ልጃቸው ብቻ ናት።

በመጨረሻ ሁለት ወንበር ገጥመው መስኮት ሠሩ። አንዱ ልጅ ከመስኮቱ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። የልጅ ልጃቸው ከወዲህ መጣች። ዘፈን አልነበረም፤ የእግርዋ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ወደ መስኮቱ ትቀርባለች፥ ትመለሳለች፥ እንደገና ትቀርባለች፤ ሦስተኛ ስትቀርብ እንደ መውደቅ ብላ በጉልበትዋ ተንበርክካ ቀኝ እጅዋን በወንበሮቹ መካከል ዘረጋች። ልጁም ሳያያት ባዶ እጁን በእጅዋ ላይ አኖረ።

«አይደለም» አሉ ሽማግሌው ከተቀመጡበት።

ልጆቹ ሁሉ ቆሙ።

«በግራ እጅዋ ነው የተቀበለችኝ። በቀኝዋ ጊታሩን ይዛ ነበር።»

ልጅቱ ተነሥታ ወደ ኋላ ሄደች፤ ቀኝ እጅዋን እንደ ተሸከመ ሰው አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።